የምሰሶው መሐላ

በንግሥት ማዕዶት ዘጠነኛ የንግሥና ዓመት፣ ጥጋብና ሰላም በሰፈነበት ዘመን፣ በአምዶራ ምድር ፀሐይ አረፈደች።

ዶሮ በሰዓቱ ጮኸ። ካህናቱ የማለዳውን ምስጋና ጀምረው ጨረሱ፤ ዓሣ አጥማጆችም መረባቸውን ተሸክመው ወደ ወደቡ ወረዱ። ሰማዩ ግን እንደጠቆረ ቀረ። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ መተያየት ስላቃተው በድምፅ ይፈላለግ ጀመር። በመጨረሻ ፀሐይ ከባሕሩ ብቅ ስትል አንድ ሙሉ ሰዓት ዘግይታ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሊቃውንት «ደመና ነው» ብለው አስነገሩ። ቀለብ የሚሰፈርላቸው ሕዝብ እንዳይደነግጥ ነውና አልፈርድባቸውም። በማግስቱ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እንደገና ዘገየች።

በሰባተኛው ቀን ነጭ ኮረብታ በባሕር ላይ ተንሳፍፎ መጣ። አምዶራ ሞቃት አገር ነው፤ ሰዉ በረዶን የሚያውቀው ከዝናብ ጋር ወርዶ መዳፍ ላይ ሲሟሟ ብቻ ነው። ይህኛው ግን ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ይበልጥ ነበር። ወደቡ አፍ ላይ ሲቆም በዙሪያው ያለው ዓሣ ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። በሦስተኛው ቀን ኮረብታው ተሰነጠቀና በውስጡ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ታየ። የጥንቱን የባሕር ኃይል ካባ ለብሷል፤ ጢሙ ላይ አመዳይ ጋግሯል፤ ዓይኖቹ ተገልጠዋል። መዳፎቹ ግን እስከ አጥንታቸው ተቃጥለው ነበር። በበረዶ ውስጥ የተቃጠለ ሰው ከዚያ በፊት ያየ አልነበረም። ወደቡን የሞላው ሕዝብ ወደየቤቱ ተበተነ።

ንግሥቲቱ ስኂንን አስጠራች። ስኂን የቤተ መንግሥቱ ሰማይ አንባቢ ናት፤ ዕድሜዋ አርባ ገደማ፣ አፏ ስለታም። ዙፋን ፊት ስትቀርብ ወገቤን ያመኛል እያለች እጅ የምትነሣው በግማሽ ነበር። ያን ቀን ግን እስከ መሬት ዝቅ አለች፤ ይህን ሲያዩ ነው መኳንንቱ በእውነት የፈሩት።

«ግርማዊት ሆይ፣» አለች ስኂን፣ «በካባው ላይ ያለው ምልክት የንብ ነው። ንብ አያትዎ ንጉሥ ወድም ወደ ምድር ጫፍ የላኳት መርከብ ናት። በምድር ጫፍ፣ በጥቁር ድንጋይ ምድጃ ላይ፣ ፈጣሪ ዓለምን ሲሠራ ያስቀመጠው ፍም አለ። ፀሐይ በየማለዳው የምትለኮሰው ከእሱ ነው። አያትዎ ያንን ፍም ለመኝታ ቤታቸው ፈለጉት።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣» አለች ንግሥቲቱ ቀስ ብላ።

«ሰዎቹም ፍሙን ከምድጃው አነሡት፤ አገራቸው ግን አላደረሱትም። ከበረዶ የተወለደው አውሬ፣ ቈሪር፣ መርከባቸውን ከቦ ተኛባት። ከዚያ ወዲህ ፍሙ ከምድጃው ርቆ እየቀዘቀዘ ነው። መጽሐፋችን እንዲህ ይላል፤ በስድሳኛው ዓመት ንጋት ይዘገያል፤ በስድሳ አንደኛው ዓመት ቀን በግማሽ ይጎድላል፣ አዝመራም አይደርስም፤ በስድሳ ሁለተኛው ፀሐይ አትወጣም። ዘንድሮ ስድሳኛው ነው።»

የጦር አለቆቹ ይህን ሲሰሙ እየተነሡ መቶ መርከብ፣ ሁለት መቶ መርከብ እያሉ ፎከሩ። ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቀ ግን አልነበረም። የምድር ጫፍ ወዳለበት ወደ ደቡብ ሄዶ የባሕሩን መንገድ በወረቀት ያሰፈረ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአዳራሹ መጨረሻ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ስሙ የባሕር ሻለቃ ሐርቤ ነው።

ሐርቤ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበር። በአሥራ አራት ዓመቱ ባሕር ኃይል ገብቶ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ በጠባቡ ወሽመጥ ሦስት የወንበዴ መርከቦች አቃጥሎ ሻለቃ ተባለ። ከዚያ በኋላ ጦርነት ሰለቸው። ሌሎቹ መኮንኖች ርስትና ሹመት ሲለምኑ እሱ ማንም ያላየውን ዳርቻ ካርታ እንዲያነሣ ፈቃድ ይለምን ነበር። ጓደኞቹ «ሐርቤ የጠላት መርከብ ስታሳየው ያዛጋል፣ ባዶ ወረቀት ስታሳየው ይነቃል» እያሉ ይቀልዱበታል። በዚያ አዳራሽ ግን የቀለደ አልነበረም።

ሐርቤ ወደ ዙፋኑ ቀረበና ሰይፉን ፈትቶ በንግሥቲቱ እግር ሥር አኖረው።

«ግርማዊት ሆይ፣ በምሄድበት አገር ይህ አይጠቅመኝም፤ ይቀመጥልኝ። ፍሙን ወደ ምድጃው ሳልመልስ በአምዶራ ወደብ መልሕቅ ብጥል፣ ስሜ ከባሕር ኃይሉ መዝገብ ይፋቅ! መቃብሬም አይታወቅ!»

«ስንት መርከብ ልስጥህ?» አለችው።

«አንዲት። ሰጎንን።»

አዳራሹ በሹክሹክታ ተሞላ። ሰጎን ሆደ ሰፊ፣ ዘገምተኛ የእህል መርከብ ናት። እሱ ግን የጎድን አጥንቷን ውፍረት ያውቃል፤ ፈጣኖቹ መርከቦች ነፋስ እንጂ በረዶ አይችሉም።

ሠላሳ ሰው መረጠ፤ ከእነሱም ሦስቱን ልንገራችሁ። ስኂን አንዷ ናት፤ ሰማዩን የሚያነብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መሪ ያዡ አያ ድምፁ ነው፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ሲቆጣ የሚያጉረመርም ሲደሰትም የሚያጉረመርም ሽማግሌ። ሦስተኛው የአያ ድምፁ የእህቱ ልጅ፣ መቶ አለቃ ጓንጉል ነው። ጓንጉልና ሐርቤ በአንድ ቀን ባሕር ኃይል ገብተው፣ በአንድ ምንጣፍ ተኝተው፣ በአንድ ሰሐን በልተው ያደጉ ናቸው። ጓንጉል ንግግሩ ዝግ ያለ፣ ሳቁ ፈጣን፣ ቃሉ ደግሞ የተነቀሰ ያህል የማይለቅ ሰው ነበር። እናቱ እመት አንጓች ወደቡ ዳር ሸራ እየሰፋች ያሳደገችው አንድ ልጇ ነው።

ከአምዶራ ወጥተው ሃያ ቀን እንደተጓዙ ወፎች ተለዩአቸው። በሠላሳኛው ቀን ባሕሩ እየወፈረ፣ ማዕበሉ እየከበደ መጣ፤ ገመዱ ሁሉ ደርቆ እንደ ዱላ ቆመ። ሌት ሌት ከበታቻቸው፣ ከጥልቁ ውስጥ፣ አንዳች ግዙፍ ነገር ሲያቃስት ይሰማ ነበር። መርከበኞቹ ስለ ማቃሰቱ አይነጋገሩም፤ ሲሰሙት ግን ሁሉም እግሩን ከወለሉ ያነሣል። ቀኑም ያጥር ጀመር። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ጉም ወረደባቸውና ፀሐይን ከነጭራሹ አላዩአትም። ጉሙ ሲገፈፍ ሰጎን ዳር በሌለው ነጭ ሜዳ መካከል በበረዶ ተጨብጣ ቆማለች። ፀሐይም በአድማሱ ላይ እንደ ብርቱካን ቁራጭ ታይታ ጠለቀች።

ሐርቤ ይህን ሲያይ መጠርጠር ነበረበት። ካርታ አንሺ ነውና ቀኑ ማጠሩን በወረቀት ጽፎታል። ግን የአምዶራ ሰው ፀሐይ ትዘገያለች ቢሉት ያምናል እንጂ ስድሳ ሁለተኛው ዓመት ሳይደርስ አትወጣም ቢሉት አያምንም። እናቱ ያላስተማረችውን ከየት ያመጣዋል?

እዚህ ላይ የአምዶራን መርከበኞች ልማድ መናገር አለብኝ። የመርከባቸው ትልቁ ምሰሶ ከዳርማ ጫካ የሚቆረጥ ዛፍ ነው፤ ሲቆረጥም «ብቻህን አንተውህም» ተብሎ ይማልለታል። ስለዚህ በየምሽቱ አንድ ተረኛ መዳፉን ምሰሶው ላይ አኑሮ እንዲህ ይላል፦ «ፀሐይ እስክትወጣ፣ ተተኪዬም መዳፉን እስኪያኖር፣ ከዚህ አልለይም።» ነገሩ ለጌጥ አይደለም። በባሕር ኃይሉ መዝገብ ተረኞቻቸው ቃላቸውን አጥፈው የተኙባቸው ሦስት መርከቦች ተጽፈዋል፤ ሦስቱም ማዕበል በሌለበት፣ በረጋ ውሃ ላይ፣ ሳንቃ በሳንቃ ተበትነው ሰጠሙ።

ስኂን ከዋክብቱን ከመጽሐፏ ጋር አመሳክራ የንብ ስባሪ የሁለት ቀን መንገድ፣ ምድጃው ደግሞ ከዚያ የስድስት ቀን መንገድ እንደሆነ ተናገረች። ሐርቤ ከእሷና ከአያ ድምፁ ጋር በእግር ሊሄድ ተነሣ። ጀንበሯ ጠልቃ ስለነበር ምሰሶው ተረኛ ይፈልጋል። ሐርቤ ሰዎቹን አያቸው። አንዳንዶቹ እንመለስ እያሉ ሲያንሾካሹኩ ሰምቷል፤ አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ከነጩ ሜዳ መንቀል አቅቷቸዋል።

«ጓንጉል፣ አንተ ቁም። ሲነጋ የቀዛፊዎቹ አለቃ ወሰኔ ይተካሃል።»

ጓንጉል ሳቀ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሞኙን ፈልገህ አገኘኸው!» አለና ጓንቱን አውልቆ መዳፉን በምሰሶው ላይ አኖረ። ቃሉንም ተናገረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አበው፤ ያ ቃልም በዚያ ብርድ ውስጥ ሲወጣ ጭስ ሆኖ ታየ፣ ከዚያ ጠፋ።

ሦስቱ ሄዱ። የአሸዋ ሰዓታቸውን እየገለበጡ ሌሊቱን በሙሉ ተጓዙ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ፤ ምሥራቁ አልቀላም። አያ ድምፁ «ዘገየች» አለ። አሥራ አራት ሞላ። አሥራ ስምንት ሞላ። ስኂን ቆማ ሰማዩን ለረጅም ጊዜ አነበበች፤ ወደ እነሱ ስትዞር ፊቷ አመድ መስሏል።

«እዚህ አገር ፀሐይ አትወጣም፣» አለች። «ክረምቱን ሙሉ፣ አራት ወር። ከዋክብቱ አድማሱን ይዞራሉ እንጂ አይጠልቁም። እኔ ደንቆሮ! ትናንት ያየናት የመጨረሻዋ ናት።»

ሐርቤ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው በበረዶው ላይ ተቀመጠ።

«ጓንጉል፣» አለ። «እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

አያ ድምፁ ያጉረመርማል ብለው ጠበቁ፤ አላጉረመረመም። «እንመለስ፣» አለ ብቻ።

«ተመልሰን ምን እናደርግለታለን አያ?» አለች ስኂን። «ፀሐይን በኪሳችን ይዘንለት እንሄዳለን? እሱን ከምሰሶው የሚያወርደው ንጋት ነው፤ ንጋት የሚመጣው ደግሞ ፍሙ ምድጃው ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ፀሐይ የምትለኮሰው ከዚሁ አገር ነውና። ሌላ መንገድ የለም።»

ሐርቤ ተነሣ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሳያርፍ ሄደ። እነሱም ሮጠው ተከተሉት።

የንብን ስባሪ በሁለተኛው ቀን አገኙት። ጎኗ ተሰብሮ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተቀስሮ በበረዶው ውስጥ ቆማለች፤ ከወለሏ ላይ ቀይ ብርሃን ደክሞ ይታያል። ዙሪያዋን የከበበውን ጉብታ መጀመሪያ የበረዶ ክምር መሰላቸው። ከዚያ ጉብታው ተነፈሰ።

ቈሪር ነበር። አካሉ የስድሳ ዓመት በረዶ ተደራርቦበት ርዝመቱ አይታወቅም፤ ዓይን የለውም፣ ለመስማት ግን ሁለመናው ጆሮ ነው። ሐርቤ ሰይፉን ትቶ በመምጣቱ አልተጸጸተም፤ ያንን አውሬ ሰይፍ አይነካውም። እሱ ያየው ሌላ ነገር ነው። ፍሙ በስድሳ ዓመት ውስጥ በመርከቧ ዙሪያ ያለውን በረዶ ከሥሩ አቅልጦ ስስ አድርጎታል፤ ከበታቹ የባሕሩ ጥቁረት ይታያል። መርከብ ከልክ በላይ ስትጫን ምን እንደምትሆን የሚያውቅ መኮንን አንድ ነገር ተረዳ፤ አውሬው የተኛው ሊሰበር በተቃረበ ወለል ላይ ነው።

በምልክት ተነጋገሩ። ስኂን ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ወደ ስባሪዋ መርከብ ወጣች። ሐርቤና አያ ድምፁ የሳንቃ መሰንጠቂያ ሽብልቆቻቸውን ይዘው የበረዶውን ስንጥቅ ተከትለው ተንበረከኩ። የመጀመሪያው መዶሻ ሲያርፍ ቈሪር ራሱን አነሣ። ሁለተኛው ሲያርፍ ጮኸ፤ ከጥልቁ ሌት ሌት ይሰሙት የነበረው ማቃሰት የዚህ ጩኸት ጭራ ብቻ ነበር። አያ ድምፁ ከጆሮው ደም እየፈሰሰ መታ፤ ሐርቤ መታ፤ አውሬው ወደ መዶሻው ጩኸት ተወርውሮ ሙሉ ክብደቱን ስንጥቁ ላይ አሳረፈ።

ወለሉ ተከፈተ። ቈሪር እየተንፈራገጠ፣ በረዶውን በጥፍሩ እየቧጠጠ፣ ወደ ጥቁሩ ውሃ ወረደ። ንብም ተከትላው ስትሰጥም ስኂን ከመርከቧ አፍንጫ ላይ ዘላ በሆዷ ወደቀች። በቀኝ እጇ ፍሙን ጨብጣለች፤ የሥጋዋ ሽታ ይሰማል።

በካባ ሊጠቀልሉት ሞከሩ፤ ጠቆረ። በብረት ሣጥን አኖሩት፤ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በሰው መዳፍ ላይ ሲሆን ብቻ ይቀላል። ያኔ የዚያ የቀዘቀዘ ሰው እጆች ትዝ አሏቸው።

«አሁን ወደ መርከቧ፣» አለ አያ ድምፁ።

ሐርቤ ፊቱን ወደ ምድጃው አቅጣጫ አዞረ።

«ሰማኸኝ ሻለቃ? ወደ መርከቧ ሁለት ቀን ነው። ጓንጉል ከነገ ወዲያ አራት ቀን ይሞላዋል፤ አራት ቀን ይችላል፣ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ዋና ያስተማርኩት። ፍሙን አጠገቡ ይዘን ሠላሳችንም እየተቀባበልን እናሞቀዋለን፤ ክረምቱ ያልፋል። ምድጃው ግን ስድስት ቀን ነው። ስምንት ቀን ቆሞ የሚያድር ሰው አልተፈጠረም!»

«ፍሙ ክረምቱን ይዘልቃል?» ሲል ሐርቤ ስኂንን ጠየቃት።

«አላውቅም፣» አለች። «እየደከመ ነው። ቢዘልቅም ስድሳ አንደኛው ዓመት ይገባል።»

«ይግባ!» አለ ሽማግሌው። «አንድ ዓመት ለአምዶራ ምንድን ነው? ሰዉ ጎተራ አለው። የእኔ እህት ግን ጎተራዋ እሱ ነው። አንተ አይደለህ ያቆምከው? አንተ አውርደው!»

ሐርቤ ጓንጉልን ከማንም በላይ ይወደው ነበር። በዚያች ቅጽበት አገር የሚባለው ነገር ራቀበት፤ ፊቱ የሚታየው የጓንጉል ባዶ መዳፍ ብቻ ነው። ወደ ሽማግሌው ዞሮ ተናገረ።

«አያ፣ አዝመራ የማይደርስበት አንድ ዓመት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ጎተራ ያለው ይተርፋል። ወደቡ ዳር ያሉት አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ይቀብራሉ። ፍሙ በእጃችን ላይ ቢጠፋ ደግሞ የሚቀብርም አይተርፍም። ወደ ምድጃው ነው የምንሄደው። ይርገሙኝ፤ መብትዎ ነው።»

አያ ድምፁ አልረገመውም። ወደ ስኂን ሄዶ መዳፉን ዘረጋ። «ስጪኝ። እንግዲያው በቶሎ ይድረስ፣» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ምድጃው ድረስ ለሐርቤ አንዲት ቃል አልተናገረም።

መቶ እርምጃ አንዱ፣ መቶ እርምጃ ሌላው እየተቀባበሉ ሄዱ። አያ ድምፁ መቶውን ሲጨርስ ሁለት መቶ ይሄዳል፤ ስጠን ሲሉት እንዳልሰማ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ መታጠፍ አቆሙ፤ መዳፉን እንደ ሰሐን ዘርግቶ ተሸከመው። ስኂን ሕመሙን ለመርሳት የከዋክብቱን ስም ጮክ ብላ ትጠራለች። ሐርቤ ደግሞ በየእርምጃው ጓንጉልን ያነጋግረዋል፤ በሆዱ «ትንሽ ታገሥ፣ ትንሽ ታገሥ» ይለዋል። ጨለማው በዙሪያቸው ወፍሮ ይከተላቸዋል፤ ፍሙ ሲደክም ይቀርባል፣ ሲቀላ ፈቀቅ ይላል።

ከመርከቧ ከተለዩ በስምንተኛው ቀን ምድጃው ላይ ደረሱ። ሦስት ጥቁር ድንጋዮች ናቸው፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም፣ ቤተ መቅደስም የለም፣ ጽሑፍም የለም። ሐርቤ ፍሙን በመካከላቸው አኖረ። ከቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች አብረውት ቀሩ።

ምንም አልሆነም። አሸዋው ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቁ። አያ ድምፁ ፊቱን በተቃጠሉ እጆቹ ሸፈነ። ከዚያ ድንጋዮቹ ይሞቁ ጀመር፤ ከእግራቸው በታች ምድር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ በአድማሱ ላይ ቀይ መስመር ተሰመረ። የአራት ወር ሌሊት በተጀመረ በስምንተኛው ቀን ነጋ። ስኂን ፀሐይዋን ስታይ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ሐርቤ አላለቀሰም፤ ወደ ሰሜን ዞሮ መሮጥ ጀመረ። ሰው ስምንት ቀን አይሮጥም፤ እየወደቀ፣ እየተነሣ፣ በመጨረሻም ሁለቱ እየደገፉት ሰጎን ዘንድ ደረሰ። በረዶው ላልቶ መርከቧ በውሃ ላይ ትወዛወዛለች። ምሰሶው ሥር የቆመው ወሰኔ ነበር። ወሰኔ ሲያያቸው ቆቡን ከራሱ ላይ አወረደ፤ ሐርቤም ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ልንተካው ሞክረን ነበር ሻለቃ፣» አለ ወሰኔ። «በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ሳትወጣ መዳፌን አኖርኩ። ምሰሶው ክንድ ያህል ተሰነጠቀ። ጓንጉል ‹ዞር በል፣ ልትገድለን ነው!› ብሎ ገፈተረኝ። ከዚያ ያለንን ሁሉ አለበስነው። እሳት በብረት ድስት አድርገን እግሩ ሥር አኖርን፤ እንዳይወድቅ በገመድ አሰርነው፤ በየተራ አቅፈነው ቆምን። እስከ ስድስተኛው ቀን ይቀልድ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ጠፋ። ‹ሰማዩ ቀላ?› እያለ ይጠይቀናል። ‹ገና ነው መቶ አለቃ› እንለዋለን። በስምንተኛው ቀን መጠየቁን ተወ፤ መዳፉ ግን ከምሰሶው ጋር እንደተጣበቀ ቀረ።»

«ሳይነጋ?»

«የአሸዋው ሰዓት ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። ከዚያ ነጋ።»

ሐርቤ በመርከቧ ወለል ላይ፣ በሸራ ተጠቅልሎ ከተኛው ጓደኛው አጠገብ ተጋደመ። ማንም ተነሣ አላለውም። አያ ድምፁ መጥቶ በሌላው ጎን ተቀመጠ። «ሻለቃ፣» አለ ከስንት ቀን በኋላ፣ «እኔም ብሆን ወደ ምድጃው እሄድ ነበር። አሁን ነው የምነግርህ፣ ያኔ ልነግርህ አልቻልኩም።»

አምዶራ በከበሮና በእልልታ ተቀበለቻቸው። ፀሐይ በሰዓቷ መውጣት ከጀመረች ሁለት ወር አልፏታል፤ ገብሱ አሽቷል። ንግሥቲቱ ሐርቤን የምድር ጫፍ ደጃዝማች ብላ ሾመችው፤ የተቃጠለ እጁንም በሕዝብ ፊት ሳመች። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ታሪኩን ሲያነብ ግን መቶ አለቃ ጓንጉል በቈሪር ጥፍር ተወግቶ፣ ሰይፉን እንደመዘዘ ወደቀ አለ። ሐርቤ ከመድረኩ ወርዶ ለምን እንደዋሸ ጠየቀው።

«ለእናቱ ብለን ነው፣» አለ ጸሐፊው በለሆሳስ። «እንዲህ ያለው ሞት ያጽናናል።»

ሐርቤ የሹመቱን ካባ አውልቆ ለጸሐፊው አስታቀፈውና ብቻውን ወደ ወደቡ ወረደ።

እመት አንጓች በሯ ላይ ተቀምጣ ሸራ ትሰፋ ነበር። አዋጁን ሰምታለች፤ ጥቁር ለብሳለች። ሐርቤን ስታይ ልትነሣለት ሞከረች፤ እሱ ቀድሞ ከእግሯ ሥር ተንበረከከ። አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ ምሰሶውን፣ ጨለማውን፣ የንብን ስባሪ፣ አያ ድምፁ ያለውን፣ እሱ የመለሰውን። ስትሰማው መርፌዋ አላቋረጠም።

«በርዶት ነበር?» አለች።

«አዎ እናቴ። በጣም በርዶት ነበር።»

«ያቆምከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌሎቹ ቢሆኑ ትተውት ይወርዱ ነበር?»

«ምናልባት ይወርዱ ነበር።»

«ልጄ ቃሉን እንደማያጥፍ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

መርፌዋ ቆመ። «እንግዲያው ከሠላሳው ሰው ሁሉ ለምን እሱን አቆምከው?»

ሐርቤ ለንግሥቲቱ፣ ለመኳንንቱ፣ ለታሪክ የሚሆን መልስ ነበረው፤ ለእሷ የሚሆነው አንድ ብቻ ነው።

«ስለማውቅ ነው፣» አለ።

እመት አንጓች ዓይኖቿን ጨፈነች። ሸራውን ወደ ደረቷ ሰብስባ አቀፈችው። ሐርቤ ሊነካት አልደፈረም፤ እንባው በተጎዳው እጁ ላይ እየወረደ እንደተንበረከከ ቆየ።

«ሂድ አሁን፣» አለችው በመጨረሻ። «ዛሬ ላይህ አልችልም። ነገ ና።»

በማግስቱ ሄደ። በሩን ራሷ ከፈተችለት።